አደጋ፣ ትንበያ፣ ጋዝ፤ ስለ ከሰል ማውጫ የማስጠንቀቂያ ቃላት የቀረበ ሂስ

የእንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቈፋሪዎች እ.ኤ.አ. ከ1911 ገደማ ጀምሮ እስከ 1986 ድረስ በሽቦ ቀፎ የተያዘች ትንሽ ወፍ ወደ ጉድጓድ ይዘው ይወርዱ እንደ ነበር ይታወቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለው መርዛማ አየር ከሰው ቀድሞ ወፊቱን ስለሚጥላት፣ እርስዋ ከማረፊያዋ ስትወድቅ ያየ ቈፋሪ የማንንም ማብራሪያ ሳይጠብቅ ወደ ውጭ ይሮጥ ነበር። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ1815 ሀምፍሪ ዴቪ የሠራው ፋኖስም ሥራው ተመሳሳይ ነበር፤ ተቀጣጣይ አየር በበዛበት ስፍራ ነበልባሉ መልኩንና ቁመቱን ስለሚለውጥ ምልክቱ በዐይን ይነበብ ነበር። ወፊቱም ፋኖሱም ቋንቋ አልነበራቸውም፤ ስለዚህም ተርጓሚ አላስፈለጋቸውም።

ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በብዙ አገሮች የከሰል ጉድጓዶች የሚቴንን መጠን፣ የነፋሱን ፍጥነት፣ የዐለቱን ንዝረትና ድምፅ ያለማቋረጥ የሚለኩ መሣሪያዎች ተተክለዋል። ልኬቱ ወደ ኮምፒዩተር ይገባል፤ ቀደም ሲል ከተመዘገቡት ልኬቶች ጋርም እየተነጻጸረ በሚቀጥሉት ደቂቃዎች ወይም ሰዓቶች ምን ሊሆን እንደሚችል የሚያመለክት ውጤት ይወጣል። ይህ ውጤት ለሠራተኛው የሚደርሰው በቃልና በቁጥር ተጽፎ ነው። እንግዲህ ቃሉ ራሱ ከመሣሪያው ክፍሎች አንዱ ሆኗል ለማለት ይቻላል፤ ቃሉ ከተዛባ የመሣሪያው ጥራት ምንም ያህል ቢሆን ማስጠንቀቂያው አይደርስም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በዚሁ ርእስ ወደ አማርኛ የሚመለሱ ጽሑፎች የሚጠቀሙባቸውን ጥቂት ቃላት መመርመር ነው። «ጥልቅ የከሰል ጉድጓድ ባልበዛበት አገር ይህ ምን ያስቸኩላል?» የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። መልሱ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በጭልጋ፣ በውጫሌ፣ በሙሽ ሸለቆ፣ በያዩ፣ በደልቢና በሞዬ የድንጋይ ከሰል መኖሩ ከታወቀ ብዙ ዘመን ሆኖታል፤ የሲሚንቶ ፋብሪካዎችም ከውጭ የሚገባውን ከሰል ባገር ውስጥ ምርት ወደ መተካት አምርተዋል። ሁለተኛ፣ ናዳ ከሰል ቈፋሪን ከሌላው ማዕድን ቈፋሪ አይለይም። በወሎ በድላንታ ወረዳ ኦፓል ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በእጅ በሚቈፈሩ ዋሻዎች ሲወጣ ቈይቶ፣ በ2016 ዓ.ም. ሃያ ያህል ቈፋሪዎች ዋሻ ተደርምሶባቸው መውጫ አጥተው ለቀናት ሲፈለጉ ሰንብተዋል። ማስጠንቀቂያው በመሣሪያም ይምጣ በሰው አፍ፣ እንደነዚህ ላሉ ሰዎች የሚደርሰው በአማርኛ ወይም በሌላው ያገራችን ቋንቋ ነው።

ለምርመራችን የሚከተለውን ዓረፍተ ነገር እንውሰድ። የማንም ጸሐፊ ሥራ አይደለም፤ የብዙዎቹን የአጻጻፍ ልማድ እንዲወክል ለዚሁ ጽሑፍ የተቀናበረ ነው።

«ሰው ሠራሽ አስተውሎት በድንጋይ ከሰል ማዕድን የሚደርሱትን የጋዝና የናዳ አደጋዎች በ93 በመቶ ትክክለኛነት ይተነብያል።»

ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ነቀፌታ የለበትም፤ ሲነበብም ይፈስሳል። የአንድምታ መምህራን እንደሚያደርጉት ቃል በቃል ሲፈተሽ ግን በየቃሉ ሥር የተሰወረ ችግር ይገኛል።

1. «ሰው ሠራሽ አስተውሎት»

አስተውሎት የሚለው ስም «አስተዋለ» ከሚለው ግስ ተነሥቶ፣ አስተርእዮት እንደሚለው ባለው የግዕዝ አርእስት ልክ የተቀረጸ ነው። ቅርጹ አያስነቅፍም፤ በሕዝብ መገናኛዎችም ተለምዷል። የመንግሥቱ ተቋም ግን ስሙን «የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩት» ብሎ የውጭውን ቃል እንዳለ መያዙ የሚታወቅ ነው።

ችግሩ በፍቹ ስፋት ነው። «መንገዱን አስተውለህ ሂድ» ሲባል ማስተዋል አተኩሮ ማየት ነው። «አስተዋይ ሽማግሌ» ሲባል ደግሞ አይቶ፣ አመዛዝኖ፣ ለሰው አስቦ መፍረድ ነው። የከሰል ጉድጓዱ መሣሪያ የሚሠራው የመጀመሪያውን ብቻ ነው፤ ይኸውም በልኬቶች መካከል ያለውን የመደጋገም መልክ ለይቶ ማውጣት ነው። በዓረፍተ ነገራችን ውስጥ «አስተውሎት» ባለቤት ሆኖ «ይተነብያል» የሚል ማሰሪያ አንቀጽ ሲሰጠው ሁለተኛው ፍች ገንኖ ይወጣል፤ አንባቢውም ከማሽን ይልቅ አንድ ሽማግሌ ይታየዋል። የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ስያሜው ይቈይ፣ የዓረፍተ ነገሩ ባለቤት ግን አይሁን የሚል ነው። «በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራው መሣሪያ» ቢባል፣ ሥራው የመሣሪያ፣ ፍርዱ የሰው መሆኑ ይጠበቃል።

2. «የድንጋይ ከሰል ማዕድን»

ማዕድን በሰፊው ሕዝብ ዘንድ ከመሬት የሚወጣው ነገር ነው፤ የሚወጣበት ስፍራ «ማዕድን ማውጫ» ይባላል። ተርጓሚዎች «ማውጫ» የሚለውን ሲዘሉት ዕቃውና ስፍራው ይቀላቀላሉ። በዚህ ላይ ስሞችን በአንድ «የ» ላይ የመደርደር ልማድ ሲጨመር «የድንጋይ ከሰል ማዕድን አደጋ ትንበያ ሥርዓት» የሚል ይወጣል። ስድስት ስሞች በአንዲት ምዕላድ ታዝለው ሲጓዙ፣ የትኛው የማን ዘርፍ እንደ ሆነ ማንም አንባቢ ባንድ ንባብ አይለየውም።

«ከሰል» የሚለው ቃል ግን ተርጓሚዎች ያልተጠቀሙበት ሀብት አለው። በቁይና በአካባቢው ደጋ ከሰል ማለት የእንጨት ከሰል ነው። በብርድ ወራት በሩን ዘግቶ የከሰል ምድጃ ሳያወጣ የተኛ ሰው «ከሰል አፍኖት» ሊሞት እንደሚችል በየቤቱ ይነገራል። የሚያፍነው ነገር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2014 በቱርክ በሶማ ከተማ በከሰል ጉድጓድ ውስጥ በተነሣው እሳት ከሞቱት 301 ሰዎች አብዛኞቹን የገደለው ይኸው መርዝ ነው። እንግዲህ ሕዝቡ የጉድጓዱን አንድ ትልቅ ጠላት ከምድጃው ያውቀዋል። «የካርቦን ሞኖክሳይድ ክምችት» ብቻ ብሎ የሚጽፍ ተርጓሚ ይህን ዕውቀት ከደጅ አስቀርቶታል። «የከሰል ምድጃ የሚያፍነው ዐይነት መርዛማ አየር» ብሎ አንድ ጊዜ ቢያስተዋውቅና ሙያዊውን ስም ከዚያ ቢያስከትል ዕውቀቱ ለቃሉ መሠረት ይሆነዋል።

3. «ጋዝ»

ይህ ጸሐፊ በቁይ አጠገብ በሚገኝ የድንጋይ ካባ ለሚሠሩ ሰዎች አንድ የተተረጐመ የማስጠንቀቂያ ዓረፍተ ነገር አንብቦላቸው ነበር። (ካባ የሚለው ቃል ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ድንጋይ የሚፈለጥበትን ስፍራ ለመሰየም ያለ ማንም ስያሜ ሰጪ ኮሚቴ አገር የለመደው መሆኑ ልብ ይባላል።) ዓረፍተ ነገሩ «በጉድጓዱ ውስጥ ጋዝ ሊኖር ስለሚችል እንዳትገቡ» የሚል ነበር። ከመካከላቸው በዕድሜ የገፉት «ጋዝማ ከሆነ ይሸታል፣ መምህር፤ ሲሸተን እንወጣለን» አሉ።

መልሳቸው ፍጹም ምክንያታዊ ነው። በገጠሩም በከተማውም ጋዝ ማለት በመጀመሪያ የኩራዙ ነጭ ጋዝ ነው፤ ፈሳሽ ነው፤ ይሸታል፤ በጠርሙስ ይገዛል። ንጹሕ ሚቴን ግን መልክም ሽታም የለውም፤ ከአየሩ ውስጥ ከመቶ 5 እስከ 15 እጅ ሲደርስም እሳት ካገኘ ይፈነዳል። ቃሉን በለመደው ፍች የተረዳ ሠራተኛ ፈጽሞ የማይመጣ ሽታ እየጠበቀ ሥራውን ይቀጥላል ማለት ነው። በሳይንስ መዝገበ ቃላት «ጋዝ» የሚለው ስያሜ ቦታ አለው፤ መምህሩና ተማሪው በትምህርት ቤት ይለዩታል። ከጉድጓዱ አፍ ላይ ግን ያው ስያሜ ያታልላል።

ለእኒሁ ሰው «የማይታይ፣ የማይሸት፣ የሚነድ አየር» ተብሎ ሲነበብላቸው «ታዲያ በምን እናውቀዋለን?» ብለው ጠየቁ። ጥሩ ትርጉም የሚታወቀው በዚህ ነው፤ አንባቢውን ወደ ትክክለኛው ጥያቄ ያደርሰዋል። መሣሪያው ያስፈለገበትም ምክንያት ይኸው ጥያቄ ነው።

4. «አደጋ»

አደጋ በአማርኛ ድንገተኛነትን ያዘለ ቃል ነው። «አደጋ ጣለ» ማለት ባልታሰበበት ሰዓት ወረረ ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ «አደጋን መተንበይ» የሚለው አነጋገር ያልታሰበውን አስቀድሞ ማሰብ እንደ ማለት ነው። ይህ ግን ትልቁ ችግር አይደለም፤ ቃላት ፍቻቸውን ያሰፋሉ።

ትልቁ ችግር አንዱ ቃል ሦስት ነገሮችን መሸከሙ ነው። ከሠራተኛው ራስ በላይ ተሰንጥቆ የቈመ ገደል አለ፤ ይህ ጕዳት ሊያመጣ የሚችል ነገር ነው። ገደሉ ዛሬ የመናዱ ዕድል አለ፤ ይህ የመጠን ጉዳይ ነው። ገደሉም ይናዳል፤ ይህ የደረሰ ድርጊት ነው። በትርጉም ጽሑፎች ሦስቱም «አደጋ» ይባላሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ስያሜ ረገድ ልዩነቱ ከታወቀ ቈይቷል፤ በ1987 ዓ.ም. የተቋቋመው «የአደጋ መከላከልና ዝግጁነት ኮሚሽን» ሲሆን፣ በኋላ የተተካው «የአደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን» በሚለው ነው። «ስጋት» የሚለው ቃል መግባቱ የደረሰውን ከሚደርሰው ለመለየት የተደረገ ጥረት ነው። የመጀመሪያውን፣ ማለትም የቈመውን ገደል የሚሰይም ቃል ግን አሁንም ጐድሎናል።

የዚህ ልዩነት ክብደት በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው ናዳ በእጅጉ ታይቷል። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰቡ ሰዎች በተከተለው ናዳ ተቀበሩ፤ ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ። ይህን ሐዘን ቃል አላመጣውም። ይሁን እንጂ የነገሮቹን መለያየት ከዚህ ይልቅ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም፤ አደጋው ደርሶ ነበር፣ የአደጋው ምንጭ ግን ገና ከራሳቸው በላይ ቆሞ ነበር። «አደጋው አለፈ» እና «አደጋው አለ» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች በዚያች ሰዓት ሁለቱም እውነት ነበሩ። ይህን መለየት የማይችል የማስጠንቀቂያ ቋንቋ ጐደሎ ነው።

ይህ ጸሐፊ ለቈመው ገደል «ጠንቅ» የሚለውን ቃል ያቀርባል። ቃሉ ዐዲስ አይደለም፤ «ለጤና ጠንቅ ነው» ሲባል ገና ያልታመመ ሰው እንኳ ሊያሳምመው ስለሚችለው ነገር መስማቱን ያውቃል። ጠንቅ ሊያደርስ የሚችለውን እንጂ የደረሰውን አይሰይምም። ከዚህም በቀር ከጥንቃቄና ከማስጠንቀቂያ ጋር በድምፅ ይቀራረባል፤ የሥሮቹን ዝምድና ለሥርወ ቃል አጥኚዎች ትተን እንኳ፣ ጆሮ ሦስቱን ባንድነት ይይዛቸዋል። እንግዲህ ሊጎዳ የሚችለው ነገር «ጠንቅ»፣ የመድረሱ መጠን «ስጋት»፣ የደረሰው «አደጋ»፣ ያስከተለው «ጕዳት» ይባል። በ«ስጋት» ላይ አንድ ጥርጣሬ አለ፤ ሰው ያለ ምክንያትም ይሰጋልና ቃሉ የልብን ሁኔታ ይጠቅሳል። ሆኖም «ከፍተኛ ስጋት»፣ «ዝቅተኛ ስጋት» እየተባለ በመጠን ሲነገር ከልብ ወደ ልኬት መሻገሩ በተግባር ታይቷል።

5. «ይተነብያል»

ተነበየ የነቢይ ግስ ነው። በዚህ ምክንያት «ትንበያ» የሚለውን ሙያዊ ስም የሚነቅፉ አሉ። ይህ ጸሐፊ ግን በሙሉ አይስማማም። ቋንቋው ራሱ ትንቢትን ከትንበያ በቅርጽ ለይቷል፤ የነቢዩ «ትንቢት» ነው፣ የአየር ጠባዩ «ትንበያ» ነው። ገበሬውም በሬዲዮ የሰማው የዝናብ ትንበያ የሚሳካበትም የማይሳካበትም ጊዜ እንዳለ ከልምድ ያውቃል። ስለዚህ ስሙን መንቀል አያስፈልግም።

ልዩነቱ ያልደረሰው ወደ ግሱ ነው። ነቢዩም ተነበየ፣ መሣሪያውም ተነበየ ይባላል። በዋሸራና በጎንጅ የቅኔ ቤቶች ስሙ በታወቀው በጎጃም፣ ዲማ ጊዮርጊስን በመሰለ የትምህርት ደብር አካባቢ ላደገ ሰው ይህ ግስ ያለ ወርቁ አይሰማም። ቅኔ ሁለት ፍች ያለውን ቃል ይወዳል፤ የባለቅኔው ችሎታም በዚያ ይመዘናል። የማስጠንቀቂያ ቃል ግን ሰም ብቻ ሊሆን ይገባዋል።

ጉዳዩ የቃላት ውበት ብቻ አይደለም። የተናገረው ያልደረሰለት ነቢይ ሐሰተኛ ነቢይ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። መሣሪያው «ይናዳል» ብሎ ሳይናድ ሲቀር፣ በ«ተነበየ» ፍች የሰማው ሠራተኛ ውሸታም ብሎ ይተወዋል፤ በሦስተኛው ቀን ደወሉ ሲደወልም ከቦታው አይነሣም። «ገመተ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ግን ግምት አንዳንዴ እንደሚስት ማንም ያውቃል፤ መሳቱ ግምቱን ውሸት አያሰኘውም። በዚሁ ምክንያት «የውሸት ማስጠንቀቂያ» የሚለው ስያሜም ቢቀር ይመረጣል። ተደውሎ ነገሩ ላልደረሰበት «ባዶ ማስጠንቀቂያ»፣ ሳይደወል ነገሩ ለደረሰበት «ያመለጠ ጠንቅ» ቢባል ሁለቱ ስሕተቶች ይለያሉ፤ የትኛው ሕይወት እንደሚያስከፍልም ከስሙ ይታወቃል። ስለዚህ በጽሑፉ ርእስ «ትንበያ» ይቈይ፤ በዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግን «ይገምታል» ወይም «ያመለክታል» ይግባ።

6. «93 በመቶ ትክክለኛነት»

ቁጥር መተርጐም የማያስፈልገው ይመስላል፤ ስለዚህም ተርጓሚዎች ሳይመረምሩ ያሳልፉታል። በፖላንድ ከአንድ የድንጋይ ከሰል ማውጫ ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2013 ለአጥኚዎች ክፍት የተደረገ አንድ መዝገብ አለ። በዚህ መዝገብ የ2,584 የሥራ ፈረቃዎች የዐለት ንዝረት ልኬት ተመዝግቧል፤ የሚጠየቀውም በሚቀጥለው ፈረቃ ከ10,000 ጁል በላይ ኀይል ያለው ንዝረት ይደርሳል ወይስ አይደርስም የሚል ነው። የደረሰው ከ170ዎቹ ፈረቃዎች ቀጥሎ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰነፍ ዘበኛ ምንም ሳይለካ ሁልጊዜ «ደኅና ነው» ቢል 2,414 ጊዜ ልክ ይሆናል፤ ይህም ከመቶ ከ93 በላይ ነው። ከ170ዎቹ አንዱንም ግን አልያዘም።

ሙያው ይህን ስለሚያውቅ ሦስት ልዩ ልዩ መለኪያዎች አሉት። ከሁሉም ፍርዶች ስንቱ ልክ ሆነ፤ ከተሰሙት ማስጠንቀቂያዎች ስንቱ እውነት ሆነ፤ ከደረሱት ጠንቆች ስንቱ ቀድሞ ተያዘ። በአማርኛ ሦስቱም «ትክክለኛነት» እየተባሉ ይመለሳሉ። ይህ ጸሐፊ የመጀመሪያውን «ጠቅላላ ልክነት»፣ ሁለተኛውን «የማስጠንቀቂያ እውነትነት»፣ ሦስተኛውን «የመያዝ መጠን» ማለት ይሻላል ይላል። ስያሜዎቹ ሊሻሻሉ ይችላሉ፤ ሦስት መሆናቸው ግን አይታለፍም። በማውጫ ላለ ሰው ከሁሉ የሚበልጠው ሦስተኛው ሲሆን፣ በጋዜጣ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ነው።

የቀረቡት ሐሳቦች

ከላይ በተመለከተው መሠረት ዓረፍተ ነገራችን እንዲህ ይታረም። «በድንጋይ ከሰል ማውጫ ውስጥ የሚገኘውን የተቀጣጣይ አየርና የናዳ ጠንቅ፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ መሣሪያ ከልኬቶች ተነሥቶ አስቀድሞ ይገምታል።» ቁጥሩ የሚጨመረው ከሦስቱ መለኪያዎች የትኛው እንደ ሆነ ከዋናው ጽሑፍ ከተረጋገጠ ብቻ ነው፤ ዋናው ጽሑፍ ካልገለጸው ተርጓሚው «ትክክለኛነት» በሚል ሽፋን ከማሳለፍ ይልቅ አለመገለጹን ቢያመለክት ለአንባቢው ታማኝ ይሆናል።

የታረመው ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ይረዝማል፤ ይህ ነቀፌታ ሊቀርብበት እንደሚችል ይታወቃል። ለዚህም ሁለት ዐይነት አጻጻፍ መለየት ያስፈልጋል። ከላይ ያለው ለመጽሔትና ለመማሪያ መጽሐፍ ነው። ከጉድጓዱ አፍ ላይ የሚሰቀለው ግን «የሚነድ አየር አለ። አይታይም፤ አይሸትም። ውጡ።» የሚል ነው፤ በዚህ ውስጥ መዝገበ ቃላት ገልጦ የሚፈለግ ቃል የለም።

በመጨረሻም ስለ አሠራሩ አንድ ሐሳብ ይቀርባል። የስያሜ ኮሚቴዎቻችን ልማድ ቃልን ከግዕዝ ሥርና ከውጭው ፍች ጋር አመዛዝኖ ማጽደቅ ነው፤ ይህ መልካም ነው፣ ይቀጥል። ለማስጠንቀቂያ የሚያገለግል ቃል ግን ከመጽደቁ በፊት ለሚጠቀምበት ሠራተኛ ይነበብለት፤ ሰምቶ ምን እንደሚያደርግም ይጠየቅ። በቁይ ካባ የተሰጠው የአንድ ሽማግሌ መልስ ጋዝ የሚለው ቃል ለዚህ ሥራ እንደማይበቃ ለማሳየት በቂ ሆኗል። ጠንቅ፣ ባዶ ማስጠንቀቂያ፣ ያመለጠ ጠንቅና የመያዝ መጠን የሚሉት የዚህ ጸሐፊ ስያሜዎችም በዚያው መንገድ እንዲፈተኑ፣ ከዚያም በኋላ የሥነ ልሳን ባለሙያዎችና ተርጓሚዎች አስተያየታቸውን በዚሁ መጽሔት እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ።